ለመሣሪያዎ የሚስማማ ፓወር ባንክ እንዴት ይመረጣል?

ፓወር ባንክ ለመግዛት የተነሣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በዕቃው ፊት ላይ በጉልህ በታተመው ቁጥር ላይ ነው፤ 10,000፣ 20,000፣ አልፎ አልፎም 50,000 ይላል። ዕቃው ለስልክዎ ወይም ለላፕቶፕዎ ይሆን እንደሆነ የሚናገረው ግን በጀርባው በኩል በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። ያንን ጽሑፍ አንብቦ ለመጠቀም ደግሞ አስቀድሞ የራስን መሣሪያ ፍላጎት ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አንደኛው እርምጃ ቻርጅ የሚደረጉትን መሣሪያዎች ለይቶ የእያንዳንዳቸውን ሁለት ነገር መመዝገብ ነው፤ ባትሪው የሚይዘውን መጠንና ቻርጅ ሲደረግ የሚቀበለውን ኃይል። የባትሪው መጠን በስልኩ ዝርዝር መግለጫ ላይ በሚሊ አምፒር ሰዓት፣ በተለምዶ ኤምኤኤች በሚባለው መለኪያ፣ ተጽፎ ይገኛል፤ በአሁኑ ጊዜ በብዙ ስልኮች 5,000 አካባቢ ነው። የሚቀበለውን ኃይል ለማወቅ አብሮት የመጣውን ቻርጀር ገልብጦ «አውትፑት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን መስመር ማየት ይበቃል። ቮልቱ በአምፒሩ ሲባዛ ዋት ይሰጣል፤ 9 ቮልት በ2 አምፒር ከሆነ 18 ዋት ማለት ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ስሌቱ ነው፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 10,000 ኤምኤኤች የሚል ፓወር ባንክ 5,000 የሚይዘውን ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላል ተብሎ ይታሰባል፤ በተግባር ግን ሁለተኛው ዙር ግማሽ ሳይደርስ ወይም ገና ግማሽ ላይ እንዳለ ያልቃል። ይህ የሚሆነው አምራቹ ስለዋሸ ላይሆን ይችላል። በፊት ለፊት የሚታተመው ቁጥር የተለካው በውስጥ ባሉት የሊቲየም ሴሎች (ኃይሉን በሚይዙት ትንንሽ ባትሪዎች) ቮልቴጅ፣ ማለትም በ3.7 ቮልት ገደማ ነው። ኃይሉ ወደ ስልኩ የሚወጣው ግን በ5 ወይም በ9 ቮልት ስለሆነ፣ በመካከል ያለው ሰርኪዩት ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል የኤምኤኤች ቁጥሩ በዚያው ልክ ይወርዳል። በዚህ ላይ ሰርኪዩቱ ራሱ ከኃይሉ የተወሰነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ቻርጅ ሲያደርግ ሞቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ትክክለኛው መለኪያ ዋት ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው የያዘው ጠቅላላ ኃይል፣ ነው። 10,000ን በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ሲያካፍሉት 37 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በ5 ቮልት ሲታሰብ 7,400 ኤምኤኤች መሆኑ ነው፤ የሙቀቱ ብክነት ሲቀነስ ወደ 6,300 አካባቢ ይቀራል። ጥሩ አምራቾች ይህን የመጨረሻ ቁጥር «ሬትድ ካፓሲቲ» በሚል በጀርባው ላይ ያሰፍሩታል። ስለዚህ ፊቱ ላይ 10,000፣ ጀርባው ላይ ደግሞ 6,000 ተጽፎ ሲያገኙ ዕቃውን በሐሰተኝነት አይጠርጥሩት፤ የሚያስጠረጥረው ይህ ቁጥር ጭራሽ ያልተጻፈበት ነው። ስሌቱ የሚያሰለቸው ሰው በአቋራጭ ከታተመው ቁጥር ላይ ሲሶውን ቀንሶ ቀሪውን ለስልኩ ባትሪ መጠን ያካፍል፤ ትንሽ ጠንቀቅ ያለ፣ ግን የማያሳፍር ግምት ያገኛል።

ለላፕቶፕ ይህ አቋራጭ አይሠራም፤ የላፕቶፕ ባትሪ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው ኤምኤኤቹ ከስልክ ጋር አይነጻጸርም። እዚያ ላይ በዋት ሰዓት ብቻ ያስቡ፤ 20,000 ኤምኤኤች 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ከብክነት በኋላ ከ60 ብዙም አይርቅም፤ ይህም ለመካከለኛ ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ለመሙላት የሚሆን ነው።

በጣም ትልቅ ቁጥር በትንሽ ዕቃ ላይ ካዩ ሚዛን ላይ ያውጡት። በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ የሚገኘው 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሊንደር ሴል ቢበዛ 3,500 ኤምኤኤች ገደማ ይይዛል፤ ክብደቱም ከ45 እስከ 50 ግራም ይደርሳል። 30,000 ለመድረስ ቢያንስ ዘጠኝ ሴሎች ያስፈልጋሉ፤ ሴሎቹ ብቻ ከ400 ግራም ያልፋሉ ማለት ነው። በጠፍጣፋ ሴል የተሠሩትም ቢሆኑ ከዚህ የክብደት ሕግ ብዙ አያመልጡም። ያንኑ ቁጥር ተሸክሞ መጠኑ የሲጋራ ፓኮ የሚያክል፣ ከሥራ ውጪ ሆኖ ሽፋኑን የፈለቀቅሁት አንድ ፓወር ባንክ ውስጥ ሁለት ሴሎች ብቻ ነበሩ፤ የቀረው ቦታ ክብደት እንዲሰጥ በሙጫ በተለጠፈ ብረት ተሞልቶ ነበር።

ሦስተኛውና አራተኛው እርምጃ፣ የሚወጣውን ኃይል ማመሳከርና ገመድ መምረጥ፣ አብረው የሚሄዱ ናቸው። በጀርባው ላይ እያንዳንዱ መሰኪያ የሚያወጣው ለየብቻ ተጽፏል፤ «ቶታል አውትፑት» የሚለው ግን መሰኪያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ የሚካፈሉት ስለሆነ፣ 65 ዋት ያለው ሁለት መሣሪያ ሲሰካበት ለእያንዳንዱ 65 አይሰጥም። ለስልክ ከ18 እስከ 30 ዋት በቂ ነው። ለላፕቶፕ ግን ከቻርጀሩ ጋር የሚቀራረብ፣ ብዙውን ጊዜ 45 ወይም 65 ዋት፣ በታይፕ ሲ መሰኪያና «ፓወር ዴሊቨሪ» በሚባለው ስልት የሚሰጥ መሆን አለበት፤ 20 ዋት የሚያወጣ ከሆነ ላፕቶፑ ወይ ጨርሶ አይቀበለውም፣ ወይ ቻርጅ እየተደረገም ባትሪው ይወርዳል። አንዳንድ የስልክ አምራቾች የራሳቸው ፈጣን የቻርጅ ስልት ስላላቸው፣ ስልኩ በራሱ ቻርጀር በ60 ዋት ቢሞላም ከፓወር ባንክ ጋር በጋራ ስልት ካልተግባቡ ወደ ተራው 5 ቮልት ይመለሳል። ገመዱም እንዲሁ ነው፤ ተራ የታይፕ ሲ ገመድ 3 አምፒር፣ ማለትም እስከ 60 ዋት ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ 5 አምፒር ተብሎ የተለየ፣ በጫፉ ውስጥ ቺፕ ያለው ገመድ ያስፈልጋል።

ፓወር ባንኩ ራሱ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞላ ሻጩ አይነግርዎትም፤ «ኢንፑት» የሚለውን ያንብቡ። 20,000 ኤምኤኤች የሚይዘው በ10 ዋት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መብራት ለጥቂት ሰዓት ብቻ በሚገኝበት ቦታ ላለ ሰው ይህ ከመጠኑ ይበልጥ ወሳኝ ነው። በአውሮፕላን የሚጓዝ ደግሞ ከ100 ዋት ሰዓት አይለፍ፤ ይህ 27,000 ኤምኤኤች ገደማ ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። በየትኛውም መጠን ቢሆን ወደ ካቢን ይዘውት ይገባሉ እንጂ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥም።

ተጨማሪ ነገሮችን በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው። በጀርባው ላይ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የተለጠፈበትን አልመክርም፤ የመዳፍ ስፋት ያለው ሰሌዳ በጠራ ፀሐይ የሚሰጠው ከሁለት ዋት ብዙም ስለማያልፍ 37 ዋት ሰዓት ለመሙላት ቀናት ይወስዳል፤ ያ ሁሉ ጊዜ ባትሪው ፀሐይ ላይ መስጣቱ ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥራል። ያለ ገመድ የሚሞላው ምቹ ቢሆንም ከኃይሉ ተጨማሪ ድርሻ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ የሚሞላበት ዙር ያንሳል። የጆሮ ማዳመጫ ወይም ስማርት ሰዓት ያለው ሰው ግን ለዝቅተኛ ኃይል የሚሆን ሁነታ ያለውን ይፈልግ፤ አለዚያ እነዚህ የሚስቡት ኃይል ጥቂት ስለሆነ ፓወር ባንኩ የተሰካ ነገር የሌለ መስሎት ራሱን ያጠፋል።

ከተገዛ በኋላ የሚቀረው ሙከራ ነው፤ ይህን የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ያድርጉት። ፓወር ባንኩን ሙሉ ለሙሉ ይሙሉ፤ ከዚያም ስልኩን አጥፍተው ወይም ሳይነኩት ደጋግመው ከእሱ ብቻ እየሞሉ በየዙሩ የጨመረውን መቶኛ ይደምሩ። ለ5,000 ኤምኤኤች ስልክ ከ10,000ው ፓወር ባንክ በጠቅላላ ከ125 እስከ 150 በመቶ ካገኙ እንደተጻፈው ነው። 80 እንኳን ካልሞላ፣ ወይም ሽፋኑ በእጅ ለመያዝ እስኪከብድ ድረስ ከጋለ፣ ወይም ጎኑ ማበጥ ከጀመረ፣ ሁለተኛ ዕድል ሳይሰጡ ከነማሸጊያው ይመልሱት።