ለፈጣን መኪና የፍሬን ሸራ ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለፈው ሰሞን በጠዋት አንድ ወጣት ጎልፍ ጂቲአይ ይዞ ጋራዥ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። ከሰፈሩ እንደወጣ የፈረስ ጋሪ ድንገት ገባበት። ፍሬን ረገጠ፣ መኪናው ግን እንደለመደው አልያዘም። ከጋሪው ጋር ሊላተም አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። «ጋሼ፣ አዲስ ሸራ ካስገባሁ እኮ ሦስት ቀኔ ነው» አለኝ። ጎማውን ፈትቼ አየሁት። ሸራው ኦርጅናል ነው፣ ምንም እንከን የለውም። ግን የውድድር ሸራ ነው።

ይህን ነገር ደጋግሜ ስላየሁት ዛሬ ልናገረው። የውድድር ሸራ የሚሠራው ለሙቀት ነው። ብዙዎቹ በደንብ መያዝ የሚጀምሩት 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲግሉ ነው። ተወዳዳሪው በየመታጠፊያው ከከፍተኛ ፍጥነት ስለሚያወርድ ሸራው አንዴ ከጋለ አይቀዘቅዝም። እናንተ ግን አዳማ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ በ30 ነው የምትሄዱት። በዚህ አነዳድ ሸራው እዚያ ሙቀት አይደርስም። «አዳማ ሞቃት ነው፣ ቶሎ ይሞቃል» የሚሉኝ ልጆች አሉ። የኔ ልጅ፣ ቀትር ላይ 35 ዲግሪ ቢደርስ ነው። የቀረውን የሚያሞቀው ሸራና ዲስኩ ሲፋተጉ እንጂ አየሩ አይደለም። ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ሸራ ሳይሞቅ ሲሠራ ይጮሃል፣ ዲስኩንም እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ መለዋወጫ ቤት ገብታችሁ «ጠንካራውን ስጠኝ» አትበሉ። ለመንገድ የተሠራ የስፖርት ሸራ ጠይቁ። ቀዝቅዞም የሚይዝ፣ ሲግልም ቶሎ የማይከዳ ማለት ነው። ጠዋት ከግቢ ስትወጡ የመጀመሪያዋ ፍሬን ናት ሰው የምታድነው።

ካርቶኑን አይቶ መግዛት ሌላው ነው። ካርቶን ማንም ያሳትማል። ሸራውን አውጡና ጠርዙን አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ከቁጥሮቹ ጋር ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ታገኛላችሁ፤ ኤፍ ኤፍ ወይም ጂ ጂ ዓይነት። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው ብዙ ሳይግል፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። የመያዝ አቅሙ በፍትጊያ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲበዛ የበለጠ ይይዛል። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ጂ ኢ የሚል ካያችሁ፣ ይህ ሸራ ሲግል አቅሙ ይወርዳል ማለት ነው። ለፈጣን መኪና አይሆንም። ፊደሉ የሚሰጠው በትንሽ ቁራጭ ላይ በተደረገ ሙከራ ስለሆነ ብቻውን አይፈርድም። ቢሆንም ጠርዙ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ሸራ እኔ አላስገባም። የአውሮፓ መኪና ከሆነ አር 90 የሚለውን የማረጋገጫ ምልክትም ፈልጉ።

በመኪናው ስም ብቻ አትግዙ። «የጎልፍ ሸራ» የሚባል ነገር የለም። የጎልፍ 5 ጂቲአይ የፊት ዲስክ 312 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከውጭ እሱኑ የሚመስለው ተራው ጎልፍ ከዚያ ያነሰ ዲስክ አለው። ሱባሩም እንደዚያው ነው፤ ብሬምቦ የሚባል ፍሬን ያለው ፈጣኑ ኤስቲአይ እና ተራው ኢምፕሬዛ ሸራ አይጋሩም። አሮጌውን ሸራ አስፈትታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ እግር ብቻ አትቀይሩ፤ ግራና ቀኝ አብሮ ነው። የኋላውም ከፊቱ በላይ የሚይዝ ሸራ አይሁን፣ ፍሬን ስትረግጡ ኋላው ይዞራል።

አሁን ወደ ፍሬን ዘይት ልምጣ። አንድ ደንበኛዬ ከአሰላ በኢተያና በዴራ አድርጎ ወደ አዳማ ሲወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደበት። በእጅ ፍሬንና በማርሽ ነው ያቆመው። ከዚያ በፊት በዚሁ ችግር ሁለት ጊዜ ሸራ ቀይሯል፣ ሁለቱም ውድ ነበሩ። ዘይቱን ስናወጣው ጠቁሯል። መቼ እንደተቀየረ አያውቅም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ ሲገባው ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እግራችሁ ባዶ ይረግጣል። ልዩነቱን ያዙልኝ፦ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ነው የከዳው። ፔዳሉ ከሰመጠ ግን መጀመሪያ ዘይቱን አስዩ። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሽ ቀንሱ፣ ፍሬኑ ብቻውን አይሸከመው።

ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ከዶት 4 ጋር አትቀላቅሉ። ዶት 5.1 ሌላ ነው፣ እሱ ከዶት 4 ጋር ይስማማል።

ራሴ የሠራሁትንም ልንገራችሁ። ለማጅ ሳለሁ አዲስ ሸራ አስገብቼ፣ ፔዳሉን ሳልረግጥ መኪናውን ከጋራዥ ላወጣ ነዳሁ። አዲስ ሸራ ሲገባ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የፍሬን ፒስተን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ፣ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው። ያኔ ከፊቴ አለቃዬ ቆሞ ነበር። በእጅ ፍሬን አተረፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔዳሉ እስኪጠነክር ሳልረግጥ ሞተር አላስነሳም።

የጎልፉን ልጅ ሸራ በመንገድ ሸራ ቀየርንለት። በማግስቱ ማለዳ መንገዱ ሳይጨናነቅ ወደ ሶደሬ አቅጣጫ አብሬው ወጣሁ፣ ሸራው ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከ60 ወደ 10 በልኩ እየረገጠ አወረደ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም፣ በመሃሉ ትንሽ እየነዳ፣ ወደ አሥር ጊዜ። ከዚያ ፍሬን ብዙ ሳይነካ አሥር ደቂቃ ነዳ፣ እንዲቀዘቅዝ። አንድ ጊዜ ከብት ሲሻገር ቆመና ፔዳሉን አጥብቆ ሊይዝ ሲል «ልቀቀው፣ በእጅ ፍሬን ያዘው» አልኩት። የጋለ ሸራ ቆሞ ሲጫን ዲስኩ ላይ ማህተም ይተዋል፤ በኋላ መሪው ሲንቀጠቀጥ «ዲስክ ተጣመመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከተማ ተመልሰን ቸርኬው መሃል አጎንብሰን አየን። ዲስኩ ላይ ወጥ የሆነ ግራጫ ሽፋን ተኝቶበታል። «አሁን ሂድ» አልኩት።