በኤሌክትሮሊሲስ ፀጉር ለምታነሱ፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

ጅማ ውስጥ የአገጭና የከንፈር ላይ ፀጉር ለማስነሳት የሚመጡት ሴቶች ምላጩንም፣ ክሩንም፣ ዋክሱንም ሞክረው ሰልችቷቸው ነው የሚመጡት። ብዙዎቹ አፍረው፣ ተሸፋፍነው ነው በሩን የሚያንኳኩት። አምነው ፊታቸውን ይሰጡናል። እኛ ደግሞ ቀጭን መርፌ በፀጉሩ ቀዳዳ አስገብተን ሥሩን በኤሌክትሪክ እናጠፋለን። መርፌ ቆዳ ውስጥ ከገባ ነገሩ ተራ የሳሎን ሥራ አይደለም። ሲጀመርም በሐኪም እጅ ነው የተጀመረው። በ1875 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዘዴ የጻፈው ቻርልስ ሚሼል የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ነበር፤ ወደ ዓይን የሚታጠፍ ሽፋሽፍት ለማጥፋት ነበር የተጠቀመበት። በትራኮማ ሽፋሽፍቱ ታጥፎ ዓይኑን የሚወጋው ሰው ያየ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

የሚያንገበግበኝን ላስቀድም። የደንበኛን መርፌ በትንሽ ፖስታ አድርጎ፣ ስሟን ጽፎ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ማስቀመጥ። ስትጠይቋቸው መልሱ አንድ ነው፦ «የራሷ እኮ ነው፣ ለሌላ ሰው አልተጠቀምኩበትም።» የራሷ ቢሆንስ? መርፌው ሲወጣ የሰውነት ፈሳሽ፣ አንዳንዴም ዓይን የማያየው ደም ይዞ ይወጣል። ያ ሁሉ ፖስታ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይከርማል፤ ያውም ክረምት ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ በሚሻግትበት በጅማ እርጥበት። ከዚያ አውጥተን መልሰን ፊቷ ውስጥ እንከተዋለን። ደግሞስ ስም አይመሳሰልም? አንድ ቀን ሁለት ፋጡማዎች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ፖስታው ይምታታል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

«በአልኮል ጠርጌዋለሁ» የሚሉም አሉ። 70 ፐርሰንት አልኮል ቆዳ ለማጽዳት ጥሩ ነው፤ መርፌን ግን ከጀርም ሙሉ በሙሉ ነፃ አያደርግም። በላይተር ማስነካትም እንደዚያው ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በሽታው አገራችን ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ የያዘው ሰውም ብዙ ጊዜ እንደያዘው አያውቅም። ስለዚህ «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ ጤነኛ ናት» የሚባል ነገር የለም።

መርፌ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ከውጭ ነው የሚመጣው፣ አዲስ አበባም ሁሌ አይገኝም፣ በሰው በሰው ነው የምናስመጣው። እንግዲያው ዋጋው ላይ ይጨመርና ደንበኛዋን ቁጭ አድርጋችሁ አስረዷት። ምክንያቱ የገባው ሰው ይከፍላል። መርፌ ካለቀ ሥራ የለም፣ ቀጠሮው ይዛወራል። መርፌው ታሽጎ መምጣት አለበት፣ ደንበኛዋ እያየች ይከፈታል፣ ሥራው ሲያልቅ ይጣላል። ፓኬቱ ከተቀደደ፣ ውሃ ከነካው ወይ ጊዜው ካለፈ አይከፈትም። ሥራ መሃል መርፌው አልጋውን ወይ ልብሷን ከነካ አዲስ ይከፈታል።

ወረንጦ ግን ብረት ነው፣ በአግባቡ ከተዘጋጀ ተመልሶ ይሠራል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ሳያጥቡ ማምከን፣ ማለትም ጀርሙን ሁሉ ለመግደል መሞከር ነው። ጫፉ ላይ ፀጉር ወይ የደረቀ ነገር ካለ እንፋሎቱ ሥሩ አይደርስም፤ መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ይፈተግ። ሁለተኛው ማፍላት ይበቃል ብሎ ማሰብ ነው። አይበቃም። አውቶክሌቭ የሚባለው የማምከኛ ማሽን ያስፈልጋል። እንፋሎቱ በግፊት 121 ዲግሪ ደርሶ፣ የመሣሪያው መመሪያ የሚለውን ያህል ደቂቃ እዚያው መቆየት አለበት። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ደግሞ ከዜሮ ነው የሚጀመረው፤ «አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው» ብሎ ማውጣት የለም። ወረንጦው የታሸገበት ፓኬት እርጥብ ሆኖ ከወጣም እንደተበከለ ይቆጠራል። ያቺ ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥን አታመክንም፤ የመከነ ዕቃ ማስቀመጫ ብትሆን እንጂ። ብዙ ወረንጦ ግዙ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ንጹህ ይኑር፣ መብራት ሲጠፋ አትጨናነቁም።

ጓንት። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ስትሠራ ቆሜ አየሁ። እጇን ታጠበች፣ ጓንት አደረገች፣ ሁሉ ነገር ልክ ነው። ስልኳ ጠራ፣ በጓንቱ ዘጋችው። የማጉያ መብራቱን ጎተተች። ግንባሯ ላይ የወረደ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች። የማሽኑን ቁልፍ አዞረች። ከዚያ በዚያው ጣት የደንበኛዋን አገጭ ወጠር አድርጋ መርፌውን ልታስገባ ጎንበስ አለች። «ቆይ እስቲ» አልኳት፣ የነካችውን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ደነገጠች። ጓንቱ እሷን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ስልክ ሌላ ክፍል ይሁን። የመብራቱ እጀታና የማሽኑ ቁልፍ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በአዲስ ፕላስቲክ ይሸፈን። ጓንት ከመደረጉ በፊትም ሲወልቅም እጅ ይታጠብ፣ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ውሃ ከጠፋ ቧንቧ ያለው ጀሪካን አስቀምጡ፤ ሳፋ ውስጥ እየነከሩ መታጠብ አይሆንም።

በጋልቫኒክ፣ ማለትም በቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት የምትሠሩ፣ ደንበኛዋ በእጇ የምትይዘውን ብረት አትርሱት። የስንት ሰው ላብ አለበት! የሚጠቀለልበት ጥጥም በየሰዉ ይቀየር።

በረኪናን በግምት የሚበጠብጡ አሉ። 5 ፐርሰንት የሆነው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲሆን 0.5 ፐርሰንት ይሆናል፤ ለአልጋና ለጠረጴዛ የሚሆነው እሱ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ትናንት የተበጠበጠው ዛሬ ይደፋ።

ሳይጠይቁ መጀመርም ትልቅ ስህተት ነው። ልቧ ላይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመላት ሴት ያለ ሐኪሟ ፈቃድ አትነካም። ስኳር ካለባት ቁስሏ ቶሎ ላይድን ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች መጀመሪያ ሐኪሟ ይጠየቅ። ከንፈሯ ላይ ምች ከወጣ እስኪድን ቀጠሮ ይዛወር፤ ያ ውሃ የቋጠረ ነገር ሄርፐስ ነው፣ መርፌው ወደ ሌላ ቦታ ያዛምተዋል። ማርያም የሳመችው ላይ የበቀለ ፀጉር ያለ ሐኪም አይነካም። የጆሮ ጉትቻዋ ቦታ ወይ የድሮ ቁስሏ አብጦ ደንድኖ የቀረ ከሆነ ኬሎይድ ሊሆን ይችላልና አትቸኩሉ።

ፀጉሩ በወረንጦ ሲያዝ እንቢ ካለ አትጎትቱ። ሥሩ አልሞተም ማለት ነው። ኃይል ጨምሮ ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ የእኛ ቆዳ ሲጎዳ ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም ለወራት ይቆያል።

ደንበኛዋ ስትወጣ «ደህና ሁኚ» ብቻ ብላችሁ አትሸኙ። ለአንድ ሁለት ቀን ሜካፕ የለም፣ ቅቤም የለም፣ ቅርፊቱን መፈግፈግም የለም። ሒጃብ አገጭ ሥር የምታጠብቅ ከሆነች ያን ሰሞን የታጠበ፣ ለስለስ ያለ ታድርግ፣ ላላ ታድርገው። ይሄን የሚነግራት የለም፣ ከዚያ ሲያሳክካትና ሲመግል ማሽኑ ላይ ይላከካል።

እናንተም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ውሰዱ። ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር።

የመጨረሻው የተጠቀማችሁበት መርፌ ነው። ፌስታል ውስጥ አስሮ ከጥጡ ጋር መጣል ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ልጆች መውጋት ነው፤ ከተጣለም ጎርፍ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወስደዋል። ክዳኑን መልሶ ለመግጠም አትሞክሩ፣ እጃችሁን ትወጋላችሁ። ቢጫዋን የሴፍቲ ቦክስ ካርቶን አልጋው አጠገብ አስቀምጡ፣ መርፌውን ከመያዣው እንዳወጣችሁ እዚያ ጣሉት። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ዝጉት፤ ማቃጠያ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ሳትከፍቱት እንዳለ አስረክቡ።