የእሽቅድምድም ካርቱን ወደ ሰው ፊልም ሲቀየር፦ መጀመሪያ መኪናው ይከብዳል ወይስ አይከብድም?

ልጅ እያላችሁ በሽቦና በቆርኪ መኪና ሠርታችሁ ስትነዱ ሞተሩ ማን ነበር? አፋችሁ ነዋ። ቩምምም ብላችሁ ማርሽ ትቀይራላችሁ፣ ኩርባ ላይ ስትደርሱ ጎማው በእናንተው ጉሮሮ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ከእግራችሁ አትፈጥንም። እንዲያም ሆኖ "ይቺ መኪና ቀርፋፋ ናት" ያላችሁ የሰፈር ልጅ የለም። የእሽቅድምድም ካርቱንም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ወደ ላይቭ አክሽን ስትወስዱት፣ ማለትም በሰው ተዋናይ ስትሠሩት፣ መጀመሪያ ከእጃችሁ የሚያመልጠውም ይኸው ብልሃት ነው።

ይሄን የጻፍኩት ፊልም ለመሥራት ለምታስቡ፣ ወይም እንደኔ ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ "እኔ ብሆን ኖሮ" ለምትሉ ነው። ምሳሌዬ ስፒድ ሬሰር የሚባለው የጃፓን ካርቱን ነው። ጃፓኖች ማክ ጎጎጎ ይሉታል፤ የታትሱኦ ዮሺዳ ፈጠራ ነው፣ ታትሱኖኮ ስቱዲዮ ሠርቶት ከ1967 እስከ 1968 በ52 ክፍል ታየ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። በ2008 የማትሪክስ ዳይሬክተሮች ዋቾውስኪዎች ወደ ፊልም ቀየሩት። ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ ከዓለም ሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው ግን 94 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሰረ በሉት። ዛሬ ግን "ጊዜው አልደረሰም ነበር እንጂ" ብለው ድርቅ የሚሉለት ወዳጆች አሉት፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ግን ጥፋቱንም እነግራችኋለሁ።

የመብት ነገር በቶሎ ይለፍ። የሌላ ሰው ካርቱን ከሆነ ሳይፈቀድላችሁ አትጀምሩ። የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ ይሄን ፊልም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሊሠራ ሲል ዳይሬክተር መጣ፣ ዳይሬክተር ሄደ፣ ተዋናዩ ጆኒ ዴፕ ሳይቀር አንድ ሰሞን ስሙ ገብቶበት ነበር፣ ካሜራ የበራው ግን በ2007 ነው። መብትና ገንዘብ ያለው እንዲህ ከተንገላታ እኛማ። አቅሙ ከሌላችሁ የራሳችሁን መኪናና የራሳችሁን ቤተሰብ ፍጠሩ። ዮሺዳ ራሱ እንደዚያ ነው ያደረገው፤ ኤልቪስ ፕሪስሊ ፊልም ላይ ከነዳው የውድድር መኪናና ከጄምስ ቦንድ ባለብዙ ጉድ አስተን ማርቲን ሐሳብ ወስዶ አንድ ላይ አቦካው።

ከዚያ ካርቱኑን እዩት፣ ግን እንደ ተመልካች አይደለም። አንዱን ክፍል ድምፁን ዘግታችሁ እዩ። ሌላውን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ሦስተኛውን ደብተር ይዛችሁ፣ "ይሄ ቢጎድል ልጅ ይጮህብኛል" የምትሉትን ብቻ ጻፉ። የስፒድ ሬሰር ዝርዝር አጭር ነው፦ ነጯ መኪና ማክ 5፣ ጭንብል ያደረገው ሬሰር ኤክስ፣ ትንሹ ወንድምና ቺምፓንዚው፣ መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች። ቁልፎቹ ከኤ እስከ ጂ ፊደል አላቸው። ኤ ሲጫን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ክሪክ ይወጣና ትዘላለች። ጎማ ሲፈነዳብን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተን እየተራገምን የምናዞረው ክሪክ እንግዲህ ያ ነው፤ ሰውዬው መኪና አዘለለበት! ሲ መጋዝ ያወጣል፣ ኤፍ ውኃ ውስጥ ያስኬዳል። እነዚህን አትንኩ። የቀረው ሁሉ፣ የጠላቶቹ ስምም ቢሆን የከተማው መልክም ቢሆን፣ ይቀየር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንዲት መስመር ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ በናንተ ፊልም መኪና ክብደት አለው ወይስ የለውም? ቀልዴን አይደለም። ብዙ ሰው ስለ መኪናው ቀለምና ቅርፅ ወር ሙሉ ይከራከርና ይሄን ሳይወስን ቀረጻ ይገባል።

ዋቾውስኪዎች "የለውም" አሉ። በ2007 ክረምት ጀርመን ፖትስዳም፣ ባብልስበርግ ስቱዲዮ ገብተው አብዛኛውን በግሪን ስክሪን (በኋላ በኮምፒውተር ሌላ ሥዕል በሚተካበት አረንጓዴ መጋረጃ) ፊት ቀረፁት። ተዋናዮቹ የሚወዛወዝ ማሽን ላይ በታሰረ የሾፌር ወንበር ተቀምጠው ነው የ"ነዱት"፤ በውድድሮቹ ላይ የምታዩዋቸው መኪኖች ከሞላ ጎደል በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። የሚገርመኝ ግን መኪናው አይደለም፣ ውሳኔውን እስከ ጥግ ድረስ መግፋታቸው ነው። በተለመደው ፊልም የፊተኛው ሰው ጥርት ሲል ከኋላ ያለው ይደበዝዛል። ካርቱን ላይ ግን ሁሉም በእኩል ጥርት ብሎ ነው የሚሳለው። ስለዚህ እነሱም ፊቱንም ጀርባውንም ለየብቻ እየቀረፁ እንደ ወረቀት ደራረቡት። ቤቱ ከረሜላ ይመስላል፣ ሰማዩ ከረሜላ ይመስላል፣ የእናትየው ቀሚስ እንኳ። በዚህ ዓለም መኪና አየር ላይ ተገልብጦ በጎማው ቢያርፍ ዓይናችሁ አይከራከርም፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እዚህ ሰፈር የመሬት ስበት የለም ተብሎ ተነግሮታል።

ሌላው መንገድ "አዎ፣ ይከብዳል" ማለት ነው። ኢኒሻል ዲ የሚባለውን የጃፓን ማንጋ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) በ2005 የሆንግ ኮንግ ዳይሬክተሮች አንድሪው ላውና አላን ማክ ፊልም ሲያደርጉት እውነተኛ መኪና ተራራ መንገድ ላይ አንሸራተቱ። ጀግናው ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ) ለደንበኛ የሚያደርስ ልጅ ነው፣ መኪናው ደግሞ አሮጌ ቶዮታ፣ የኮሮላ ዘመድ (ዲኤክስ ያላችሁ ሰዎች፣ ደረታችሁን ንፉ)። የታሪኩን ምርጥ ነገር ልንገራችሁ፦ ልጁ ቶፉ ሊያደርስ ሲወጣ አባቱ ውኃ የሞላ ኩባያ መኪናው ውስጥ ያስቀምጥለታል። ውኃው መፍሰስ የለበትም። በቃ። ምንም ኮምፒውተር፣ ምንም ፍንዳታ የለም። ኩርባ በመጣ ቁጥር ውኃው ወደ ኩባያው ጠርዝ ይወጣል፣ እናንተም ሳይታወቃችሁ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። ክብደት በፊልም እንዲህ ነው የሚታየው። በጀታችሁ የኪስ ገንዘብ ከሆነ ዋቾውስኪዎችን ትታችሁ ኩባያውን ያዙ።

የሚገድለው መሐሉ ነው። ግማሹን በእውነተኛ አስፋልት ቀርፆ፣ ዝላዩ ላይ ሲደርስ ብቻ በኮምፒውተር የተሠራ ቀላል መኪና ማስገባት። ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ሊያስረዳችሁ ባይችልም "አላመንኩትም" ይላል፣ ልክም ነው።

ቀጥሎ ታሪኩ። ውድድር ብቻውን ታሪክ አይሆንም፤ ማን አንደኛ እንደሚወጣ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ያውቀዋል። ስፒድ ሬሰር የጀመረበትን መንገድ ስታዩ ግን ባርኔጣችሁን ታነሳላችሁ። አንድ ወጣት፣ ጀግናው ስፒድ፣ መልበሻ ክፍል ተቀምጦ እግሩ አላርፍ ብሏል። ቁርጥ። ያው እግር፣ ግን የትንሽ ልጅ እግር፣ ክፍል ውስጥ ዴስክ ሥር። ፈተና ቀርቦለት እሱ ግን በሐሳቡ እየነዳ ነው። ከዚያ ውድድሩ ይጀመርና ፊልሙ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያለ የቤተሰቡን ታሪክ በዙሩ ውስጥ ይነግረናል፦ ታላቅ ወንድም ነበረው፣ ሬክስ የሚባል የመኪና ተወዳዳሪ፣ ሞቷል ተብሏል፣ የዚህ ሜዳ ክብረ ወሰንም የሱ ነው። ስፒድ ሌሎቹን ጥሏቸው ሄዷል። የሚሽቀዳደመው ከሬክስ ጥላ ጋር ነው። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ክብረ ወሰኑን ሊሰብር ይችላል፣ ግን ትንሽ ይለቅለታል። የወንድሙ ስም እንዲቆይ። ከዚህ በኋላ ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም።

እናንተም እያንዳንዱን ውድድር ስትጽፉ "ከማሸነፍ ሌላ ምን ይፈልጋል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ያንን ውድድር አውጡት፣ ነዳጅም ትቆጥባላችሁ።

ጥፋቱን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ፊልሙ 135 ደቂቃ ነው። የልጆች ፊልም ነው እኮ! በዚያ ላይ መሐሉ ላይ ክፉው ባለሀብት ስለ አክሲዮንና ስለ ኩባንያ ግዢ ያብራራል፣ ያብራራል፣ ያብራራል። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ በዚህ ሰዓት ሽንት ቤት ነው። ሲኒማ የገባበት ቀንም አልታደለም፣ አሜሪካ ውስጥ አይረን ማን በወጣ በሳምንቱ ነበር። ቀኑ በእጃችሁ ላይሆን ይችላል፣ መቀሱ ግን በእጃችሁ ነው።

ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት አሻንጉሊት መኪና ፈልጉ። የእህቴ ልጅ አራት መኪና አበድሮኝ (አንዷን ጎማዋ ወልቆ መለስኩለት፣ እስካሁን አልታረቅንም) ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሻይ ብርጭቆ ኩርባ ሠርቼ በስልኬ አንድ ሙሉ ውድድር ቀርጫለሁ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ያኔ ነው ችግሩ የታየኝ፦ ቀይዋ መኪና በአንዱ ሾት ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ በሚቀጥለው ወደ ግራ፣ እና የተመለሰች ትመስላለች። መንገዱ በየት በኩል እንደሚሄድ አንዴ ወስናችሁ ካሜራውን ሁልጊዜ ከመንገዱ በአንድ ወገን ብቻ አቁሙ። ማን እየመራ፣ ማን እየተከተለ እንደሆነም በየጊዜው ሰፋ ባለ ሾት አሳዩን፣ አለዚያ የምናየው ጎማና ላብ ብቻ ነው።

ፍጥነት ለማሳየት ደግሞ መፍጠን አያስፈልግም። ክፍት መንገድ ላይ እንዳትሞክሩት፣ ለፊልም ብሎ ሰው የገጨን ማንም አያዝንለትም። መንገድ ከፈለጋችሁ አስፈቅዳችሁ አዘጉ፣ መኪናው በ40 ኪሎ ሜትር ይሂድ፣ ካሜራው አስፋልቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ይበል፣ ቅርብ በኩል ግንድ ወይም አጥር ይለፍ። ኤዲቲንግ ላይ በ10 በመቶ አፍጥኑት፣ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ እንደ ድሮ ዝምተኛ ፊልም ይሆናል። የሾፌሩን ፊት ማታ፣ በቆመ መኪና ውስጥ ቅረፁ። ሁለት ሰው ከኋላ ቀስ እያለ ያወዛውዝ፣ ሦስተኛው የእጅ ባትሪ ይዞ በመስኮቱ በኩል ከፊት ወደ ኋላ ይሩጥ። የመንገድ መብራት እያለፈ ይመስላል። ርካሽ ነው፣ ግን ይሠራል።

ተዋናዩንም አደራ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ወዲያና ወዲህ የሚያደርግ ሾፌር ስንቴ አይተናል? እጁን አስሩት። ፊቱም እንደዚያው፤ ካርቱን የሚሠራ መስሎት ዓይኑን የሚያጉረጠርጥ ተዋናይ ፊልሙን ያፈርሰዋል። ጆን ጉድማንና ሱዛን ሳራንደንን እዩ፣ ዙሪያቸው ሁሉ ከረሜላ ሆኖ እነሱ ግን ልጁ አደገኛ ሥራ ላይ ያለበት እውነተኛ አባትና እናት ናቸው። ዓለሙ በጨመረ ቁጥር ሰውየው ይቀንስ።

ድምፁን ለብቻ ቅረፁ። ጋራዥ ሂዱ፣ ሞተሩ የሚያንኳኳ አሮጌ መኪና ምረጡ፣ አንድ ማይክ ጭስ ማውጫው አጠገብ በካልሲ ጠቅልላችሁ፣ ሌላውን ኮፈኑ ሥር አድርጉ፣ መካኒኩ ነዳጅ ይስጥ፣ ይልቀቅ፣ ይስጥ፣ ይልቀቅ። ለጀግናው አንድ መኪና፣ ለጠላቱ ሌላ መኪና፣ ዓይን ጨፍኖ እንኳ እንዲለይ። ለመካኒኩም የሻይ መስጠት አትርሱ፣ ሁለተኛ ቀን መመለሳችሁ አይቀርም።