ፒካፕ ካሶኒ ላይ የጭነት ማሰሪያ ቀለበት አገጣጠም፦ ጉልበቱ ያለው ከስር ነው

ፒካፕ ያላችሁ፣ በተለይ ሃይሉክስ ወይ ዲማክስ ይዛችሁ ቅዳሜና እሁድ የዘመድ ፍሪጅ፣ የሰርግ ወንበር፣ ሮቶ ምናምን የምትጭኑ ሰዎች ይሄን ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት። እኔ ካሶኒዬ (የኋላው የጭነት ሳጥን) ውስጥ ቀለበት ልግጠም ብዬ የወሰንኩት ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ቁልቁለቱን ስወርድ ነው። ከኋላ 200 ኪሎ የሚሆን ጄነሬተር ጭኛለሁ፣ ያሰርኩት ደሞ ሁሉም ሰው እንደሚያስረው በናይለን ገመድ፣ ከውጪ ስፖንዳው (የካሶኒው የጎን ግድግዳ) ስር ካሉት መንጠቆዎች ጋር። ኩርባው ላይ በሬ መንገድ ገባብኝና ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ ዷ አለ። ወርጄ ሳየው ገመዱ የስፖንዳው ጠርዝ ላይ ሲፈተግ ቆይቶ እንደ ጥጥ ተበጣጥሷል፣ ጄነሬተሩ ተንሸራቶ የካሶኒውን የፊት ግድግዳ ወደ ካቢኑ አጉብጦታል። ከዛ ግድግዳ ወዲህ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ እናቴ ነበረች የተቀመጠችው።

ምንም አልሆነችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከዛ ቀን በኋላ ነገሩን ቁጭ ብዬ አጣራሁት። አውሮፓውያን የጭነት አስተሳሰር ስታንዳርዳቸው ላይ ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ የክብደቱን 80 ከመቶ ያህል ወደፊት ይገፋል፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደሞ 50 ከመቶ ብለው ነው የሚያሰሉት፣ ማለትም የኔ ጄነሬተር ወደ 160 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ካቢኑ እየገፋ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ስራው። ብዙ ሰው ቀለበቱን ሲገዛ ውፍረቱን አይቶ ይሄማ ዝሆን ያስራል ይላል፣ ግን የካሶኒው ወለል ላሜራ 1 ሚሊ ምናምን ነው፣ ቀለበቱ ሳይበጠስ ብሎኑ ትንሿን ሮንዴላ (ከዳዶው ስር የምትገባውን ቀዳዳ ያላት ክብ ብረት) ይዞ ላሜራውን ቀዶ ነው የሚወጣው። ስለዚ ዋናው እቃ ከስር የሚገባው ድጋፍ ብረት ነው። 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ ቁራጭ፣ 8 በ8 ሴንቲ አድርጋችሁ አስቆርጡ፣ ከቻላችሁ 10 በ10፣ አራቱንም ማዕዘን በግራይንደር አድቦልቡሉት ምክንያቱም ሹል ማዕዘን ራሱ ወለሉን ይቆርጠዋል። ይሄን ቁራጭ ከብረት ቤቶች ብጥስጣሽ ውስጥ በርካሽ ታገኙታላችሁ።

ብሎኑ ላይ ደሞ ተጠንቀቁ። ሱቅ ሄዳችሁ 10 ቁጥር ብሎን ስጠኝ ስትሉ አንዳንዱ ሻጭ በ10 ቁልፍ የሚፈታውን ያወጣላችኋል፣ እሱ ውፍረቱ 6 ሚሊ ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ግንዱ ራሱ 10 ሚሊ የሆነውን ነው፣ ብዙውን ጊዜ በ17 ቁልፍ የሚታሰረው። አናቱን አዙራችሁ እዩት፣ 8.8 ተብሎ የተቀረጸበት (የጥንካሬ ደረጃው ነው) መሆን አለበት፣ ምንም ቁጥር የሌለውን ተዉት። ዳዶው (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው) ውስጡ ናይለን ቀለበት ያለው ይሁን፣ የኛ መንገድ ንዝረት ተራውን ዳዶ ቀስ በቀስ ይፈታዋል።

ቀለበቱን በተመለከተ እኔ የምመክረው ወደ ሁለቱም ጎን የሚተኛውን ዲ ሪንግ (የD ፊደል ቅርጽ ያለው ቀለበት) ነው፣ በሁለት ወይ በአራት ብሎን የሚታሰረውን። ጭንቅላቱ ክብ የሆነውን ባለ አንድ ብሎን አይን አትግዙ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲሳብ ጠንካራ ነው፣ በጎን ሲሳብ ግን አቅሙ በጣም ይወርዳል፣ ጭነት ደሞ ብዙውን ጊዜ የሚስበው በጎን ነው።

ቦታ መምረጥ ላይ አትቸኩሉ። ስድስት ይበቃል፦ ሁለት ከካቢኑ ጀርባ ማዕዘኖቹ ላይ፣ ሁለት መሃል ከጎማው ጉብታ አጠገብ፣ ሁለት ከኋላው በር ትንሽ ገባ ብሎ። በሩ ራሱ ላይ በፍጹም አትግጠሙ፣ የሚይዘው ማጠፊያና መቆለፊያ ብቻ ነው። ስፖንዳው ላይም ካልቸገራችሁ በቀር አልመክርም፣ ወለሉ ይሻላል። ወለሉ ሽንሽን ስለሆነ ቀለበቱ ሜዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፍ፣ ከስር ደሞ ወለሉን አግድም ከተሸከመው ተሻጋሪ ብረት አጠገብ ቢሆን ጥሩ ነው፣ እዛጋ ወለሉ አይዋዥቅም። ተሻጋሪው ብረት ውስጡ ባዶ ስለሆነ በራሱ ላይ አትብሱት፣ ብሎኑን ስታጠብቁ ይጨፈለቃል። ሻንሲውንም (የመኪናውን ዋና አጥንት ብረት) አትንኩ።

ከመብሳታችሁ በፊት ግን መኪናው ስር ተኝታችሁ በባትሪ እዩ! የነዳጅ ታንከሩ የት ነው፣ የፍሬን ቱቦው በየት ያልፋል፣ የኋላ መብራት ሽቦ የት ታስሯል፣ ጭስ ማውጫው የት ነው። ከላይ የለካችሁትን ከስርም ለኩና በኖራ ምልክት አድርጉ። ከታንከሩ በላይ የሆነ ቦታ ከሆነ በቃ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ እዚጋ በዕድል አይሰራም። ትራፓኖው (መብሻ ማሽኑ) በአንዴ ዘው ብሎ ሲገባ ከስር ያለውን እስኪነካ አያቆምም፣ እኔ ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ብረት) ላይ ከጫፉ 2 ሴንቲ ትቼ እንጨት ቁራጭ ሰክቼበት ነው የበሳሁት፣ እንጨቱ ወለሉን ሲነካ ይቆማል።

አበሳሱ እንዲህ ነው፦ ቀለበቱን አስቀምጣችሁ ቀዳዳዎቹን ምልክት አድርጉ፣ ፑንታው እንዳይንሸራተት በሚስማርና መዶሻ ነጥብ ምቱ፣ ከዛ በ4 ሚሊ ጀምሩ፣ በ7 አስፉ፣ በ10 ተኩል ወይ በ11 ጨርሱ። ትራፓኖው ቀስ ብሎ ይዙር፣ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጉበት። ድጋፍ ብረቱንም በዛው ልክ ብሱት። የቀዳዳውን ሹል ጠርዝ በሞረድ አንሱና ብናኙን በደንብ ጥረጉ፣ አንዲት የብረት ፍርፋሪ ሽንሽኑ ውስጥ ከቀረች ዝናብ ሲነካት በሳምንት ቢጫ ዝገት ትተክላለች።

ዝገቱ ላይ ሰው ይሰንፋል፣ እባካችሁ አትስነፉ። የተበሳው ጠርዝ ባዶ ብረት ነው፣ አንቲረስት ሁለቴ ቀቡት፣ ይድረቅ፣ የድጋፍ ብረቱንም ሁለቱንም ፊት ቀቡ። ከዛ ቀዳዳው ዙሪያ ሲሊከን አድርጋችሁ ቀለበቱን አስቀምጡ፣ ብሎኑን ከላይ፣ ብረቱን፣ ሮንዴላውንና ዳዶውን ከስር። አንድ ሰው ከላይ ይያዝ፣ አንዱ ከስር ያጥብቅ። ካሶኒው ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ ቀለበቱ የሚያርፍበትን ያህል ቆርጣችሁ አውጡ፣ በፕላስቲኩ ላይ ካሰራችሁት ፕላስቲኩ እየተጨመቀ ይላላል።

ለምን በብየዳ አይሆንም የምትሉ አላችሁ። ቀጭን ላሜራ ላይ ብየዳ ዙሪያውን ያቃጥለዋል፣ ከስር ያለው ቀለም ይነሳል፣ ዝገቱ የሚጀምረው በትክክል ጭነት በሚስበው ቦታ ነው። የግድ ካስበየዳችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ አስፈቱ፣ ዘመናዊ መኪና ኮምፒውተሩ እንዳይጎዳ።

ከጨረሳችሁ በኋላ ባዶ ካሶኒ ላይ በራቼት ቤልት (በእጀታ እየተወጠረ በሚጠብቅ ማሰሪያ ቀበቶ) ሁለት ቀለበት ተቃራኒ አድርጋችሁ ወጥሩና ከስር ሂዳችሁ እዩት። ወለሉ እብጥ ካለ ድጋፍ ብረቱ አንሷል፣ ተለቅ ባለ ቀይሩት። ስታስሩ ደሞ ቤልቱ ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ወደታች የሚጫነው ከወጠራችሁበት ኃይል ግማሹ ብቻ ነው፣ ስለዚ ከጭነቱ በጣም የራቀውን ቀለበት ሳይሆን ቀረብ ያለውን ተጠቀሙ። ቀለበቱ ስለበዛ ብላችሁ ደሞ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ አትለፉ።

የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ሁሉንም ዳዶ በቁልፍ ሞክሩ፣ ከኔ ስድስት ቀለበት የአንዱ ሁለት ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር፣ ሲሊከኑ ሲረጋ ማለት ነው። ከዛ በኋላ ዘይት በለወጣችሁ ቁጥር ማየት ይበቃል። እኔ የዛኑ ጄነሬተር መልሼ በዛው መንገድ በአራት ቀለበት አስሬ ወስጃለሁ፣ እናቴም እዛው ወንበር ላይ ነበረች፣ ደጀን እስክንደርስ ተኝታ ሄደች።