የኢሜይል ሰርቨር ዲስክ ከመቅረጻችሁ (ፎርማት ከማድረጋችሁ) በፊት

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት የመሥሪያ ቤታችሁን የኢሜይል ሰርቨር ራሳችሁ የምታስተዳድሩ ሁሉ ይህን ልብ በሉ፦ ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ «ቦታ የለም» ብሎ መልእክት መቀበል ሊያቆም ይችላል። ያለቀው አይኖድ፣ ማለትም ዲስኩ ስለ እያንዳንዱ ፋይል መረጃ የሚይዝበት መዝገብ ነው። ሜይልዲር በሚባለው የኢሜይል አቀማመጥ አሠራር እያንዳንዱ ኢሜይል ራሱን የቻለ ፋይል ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል ደግሞ አንድ አይኖድ ይይዛል። ኢኤክስቲ4 የተባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ) የአይኖዱን ብዛት የሚወስነው ዲስኩ ሲቀረጽ ነው፤ በተለመደው ቅንብር ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ ብቻ ይመድባል። አጫጭር ደብዳቤዎች ሲበዙ አይኖዱ ከቦታው ቀድሞ ያልቃል።

መፍትሔው መልእክቱ የሚቀመጥበትን የዲስክ ክፍል ለብቻው ለይቶ ኤክስኤፍኤስ በተባለው ሌላ የፋይል ሥርዓት መቅረጽ ነው፤ አይኖድ የሚፈጥረው እንደ አስፈላጊነቱ ነውና። ነገር ግን ኤክስኤፍኤስን ማስፋት እንጂ ማጥበብ በተግባር አይቻልም። ክፍሉን ወደፊት ልታጠቡት ካሰባችሁ ኢኤክስቲ4ን ይዛችሁ ሲቀረጽ ለየ4 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ እንዲመድብ እዘዙት።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የሁለቱም የፋይል ሥርዓቶች ጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግበው ማስታወሻ) በተለመደው ቅንብር የሚጠብቀው የፋይል ሥርዓቱን መዋቅር እንጂ የደብዳቤውን ይዘት አይደለም። እባካችሁ፣ ለፍጥነት ብላችሁ በዶቭኮት (የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር) ላይ ኤፍሲንክ የተባለውን የዲስክ ጽሕፈት ማረጋገጫ አታጥፉ፤ ደረሰ የተባለው ደብዳቤ ዲስክ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠው እርሱ ነው።