በስዊችጊር ውስጥ ከሚነሳ አርክ ሰውንና መሣሪያን መጠበቅ

በስዊችጊር (ብሬከሮችና ባስባሮች ባሉበት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን) ውስጥ አርክ ሲነሳ ከረንቱ በባስባሮቹ (ከረንት በሚያስተላልፉት ወፍራም የብረት ዘንጎች) መካከል ያለውን አየር ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሙቀቱ ወደ 20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ የሚችል ሲሆን፣ የሚተነው መዳብም በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚሰፋ የሳጥኑን በር ገንጥሎ ሊወረውር ይችላል። የሚለቀቀው ኢነርጂ አርኩ በቆየ ቁጥር ስለሚጨምር፣ የጥበቃው ዋና ሥራ ያንን ጊዜ ማሳጠር ነው።

ከዚያ በፊት ግን ኤሌክትሪክ ባለበት መሣሪያ ላይ አለመሥራት ይቀድማል። ብሬከሩን (ከረንት ቆራጩን መሣሪያ) ከፍቶ፣ ማለትም ከረንቱን አቋርጦ፣ ቆልፎና የማስጠንቀቂያ ምልክት ሰቅሎ፣ በእያንዳንዱ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) ላይ ቮልቴጅ አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎም ግራውንድ ማድረግ (ከመሬት ጋር ማገናኘት) ያስፈልጋል። የቮልቴጅ መመርመሪያው ራሱ ከምርመራው በፊትም በኋላም ቮልቴጅ እንዳለው በሚታወቅ ምንጭ ላይ ይፈተን፤ የተበላሸ መመርመሪያ ቮልቴጅ ባለበትም ዝም ይላልና።

በአርኩ ሬዚስታንስ ምክንያት ከረንቱ ከሙሉ ሾርት ሰርኪት ስለሚያንስ፣ ከታች (ወደ ተጠቃሚው በኩል) ካሉት ብሬከሮች ጋር እንዲናበብ ሆን ተብሎ የዘገየ የኦቨርከረንት ሪሌይ (ከረንት ከመጠን ሲያልፍ ብሬከሩ እንዲከፍት የሚያዝ መሣሪያ) ትእዛዝ እስኪሰጥ ብዙ መቶ ሚሊሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በባስባር፣ በብሬከርና በኬብል ክፍሎች ውስጥ የብርሃን ሴንሰሮችን ተክሎ፣ ብርሃንና የከረንት ጭማሪ አብረው ሲታዩ ብቻ የሚሠራ የአርክ ሪሌይ ማገናኘት ይመረጣል፤ ብርሃን ብቻውን ቢበቃ ኖሮ የካሜራ ብልጭታ ጣቢያውን በከንቱ ሊያጠፋው ይችል ነበር። ሪሌዩ በጥቂት ሚሊሰከንድ ቢያዝም ብሬከሩ ከረንቱን ለመቁረጥ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል፤ ቅባቱ ደርቆ የተጣበቀ ብሬከር ደግሞ ከዚያም በላይ ይዘገያል። የብሬከሩን የመክፈቻ ጊዜ ሳይለኩ ሴንሰሩን ብቻ መፈተሽ፣ በእኔ እምነት፣ ግማሽ ፍተሻ ነው። ብሬከሩ ካልከፈተም ከላይ (ወደ ምንጩ በኩል) ያለውን ብሬከር የሚያስከፍት የመጠባበቂያ ትእዛዝ መዘጋጀት አለበት።

አዲስ ስዊችጊር በሚመረጥበት ጊዜ፣ ከ1 እስከ 52 ኪሎቮልት ላለው በአይኢሲ 62271-200 (ዓለም አቀፍ የስዊችጊር መስፈርት) መሠረት ለውስጣዊ አርክ መፈተኑን፣ በስንት ኪሎአምፔርና ለምን ያህል ጊዜ እንደተፈተነም ማጣራት ይገባል። ይህ ጥበቃ የሚያገለግለው በሮቹ በትክክል ሲዘጉ ብቻ ነው።

የመከላከያ ልብስ የመጨረሻው መስመር ነው። ባዶ ቆዳ ላይ በካሬ ሴንቲሜትር 1.2 ካሎሪ የሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ መነሻ ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ ልብሱ የሚቋቋመው የኢነርጂ መጠን በቦታው ከተሰላው ኢነርጂ ማነስ የለበትም፤ ከሥሩም ቀልጦ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ናይለን ወይም ፖሊስተር አይለበስ።

የአርክ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ብሎን፣ እርጥበት፣ አቧራ፣ በኬብል ቀዳዳ የገባች አይጥ ወይም ውስጥ የተረሳ የብሎን መፍቻ ነው፤ ስለሆነም ብሎኖቹ አምራቹ ባዘዘው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ይጥበቁ፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊትም የገቡት መሣሪያዎች በሙሉ መውጣታቸው በቆጠራ ይረጋገጥ።