የሞዴል ፈተና ውጤትን ጥያቄ በጥያቄ ማንበብ

የክፍሉን አማካይ ብቻ ይዞ ስብሰባ መግባት ጊዜ ማባከን ነው፤ 48 ከመቶ የሚል ቁጥር ነገ ምን ማስተማር እንዳለብዎት አይነግርዎትም። በኤክሴል ሰንጠረዥ ይሥሩ፦ ተማሪዎች ወደ ታች፣ ጥያቄዎች ወደ ጎን። ትክክል ወይም ስህተት ብለው ሳይሆን ተማሪው ያጠቆረውን ፊደል ራሱን ይመዝግቡ። ሥራው ያደክማል፤ ቁም ነገሩ ግን ያለው እዚያ ላይ ነው።

አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ በግምት ብቻ 25 ከመቶ ያህሉ ያገኙታል። ወደዚህ የተጠጋ ጥያቄ ሲያዩ የተሳሳቱት የቱን እንደመረጡ ይመልከቱ። በሦስቱም ላይ ከተበተኑ ትምህርቱን አያውቁትም። አንዱ ላይ ከተከማቹ ግን በተሳሳተ መንገድ ገብቷቸዋል። ለምሳሌ 3 − (−5) ስንት ነው ተብለው ብዙዎቹ −2ን ከመረጡ፣ ሁለት የመቀነስ ምልክቶች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ብቻ ያስተምሩ፤ ምዕራፉን በሙሉ መድገም አያስፈልግም።

ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው፣ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን 16 ዝቅተኛ ካመጡት 16 ጋር ያነጻጽሩ። አንዱን ጥያቄ ዝቅተኛ ያመጡት በልጠው ከመለሱት፣ ተማሪ ከመውቀስዎ በፊት የመልስ ቁልፉን ይፈትሹ። የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ባዶ ከቀሩ ደግሞ ችግሩ የሰዓት አጠቃቀም ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ልምምድ በሰዓት ገድበው ያሠሯቸው።